ሽጉጤ በኩላሊት ክፍል የከረመበት ዓመት

ሽጉጤ ጆሃንስበርግ ሲገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከሆሳዕና ወጣ ብላ ካለች የገጠር ቀበሌ ተነስቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሩ አቋርጦ ነው የደረሰው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ብርድ ልብስ ተሸክሞ በየቤቱ እያንኳኳ ሸጠ። ከዚያ ከከተማዋ ዳርቻ ባለችው ቮስሎሩስ ውስጥ በአንዲት ጡረተኛ ግቢ ጥግ ላይ የተሠራች የብሎኬት ክፍል ተከራይቶ ሱቅ ከፈተ። መኝታ ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነበር። ዳቦ፣ ወተትና የበቆሎ ዱቄት በብረት ፍርግርግ መሀል እያቀበለ ዓመታት አለፉ። ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ» ይሉታል፤ እሱም መልሶ «ማይ ፍሬንድ» ይላቸዋል። ዙሉ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የሱቅ ዙሉ ነው። ስንት ነው፣ አለ፣ የለም፣ ነገ ተመለስ፣ ከዚያ አያልፍም።

ሚስቱ መሰረት የዱራሜ ልጅ ናት። እሱ ሀዲያ፣ እሷ ከምባታ በመሆናቸው ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ሁለቱም ትምህርት ቤት የተማሩት አማርኛ ነበር። ልጃቸው ፀሎት ግን የቮስሎሩስ ልጅ ናት። ዙሉውን ከግቢው ልጆች፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ለቃቅማ፣ አማርኛን ለእናትና ለአባቷ ብቻ ታስቀምጣለች። ይህ ታሪክ ሲጀምር ስድስት ዓመቷ ነበር።

በፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ ላይ የመሰረት እናት ታመው መሰረት ልታስታምም ሄደች። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሚያዝያ ላይ፣ ሳትወልድ፣ ልትመለስ ተነጋግረው ነበር። መጋቢት ላይ ግን በረራ ቆመ፤ ሰዉም ከቤት እንዳይወጣ ታዘዘ። ሽጉጤና ፀሎት ሁለት ብቻቸውን ቀሩ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ፀሎት ቀኑን ሙሉ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አባቷ ሲሸጥ ታያለች፤ እሱ ያልገባውን የደንበኛ ወሬ ትተረጉምለታለች።

ግንቦት ላይ ጉሮሮዋን አመማት። ሻይ በማር ሰጣት፤ ተሻላት። ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ አንድ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ወጥታ «ባባ፣ ሽንቴ ኮካ ሆነ» አለችው።

ሳቀ። ገብቶ ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። በማግስቱ ዓይኖቿ ተነፍተው ሊጋጠሙ ደረሱ። የአክስቱን ልጅ አቢሶን ከካትሌሆንግ ጠርቶ ሱቁን አስረከበውና ፀሎትን አዝሎ ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ሄደ። ሰዉ መሬት ላይ በኖራ በተሰመሩ ክቦች ውስጥ ተራርቆ ቆሟል። ያን ጊዜ ጆሃንስበርግ ደረቅ ብርድ የሚነክስበት ወቅት ነው። ተራቸው ደርሶ ነርሷ የፀሎትን የደም ግፊት ስትለካ አንድ ጊዜ ለካች፣ ሁለተኛ ለካች፤ ከዚያ ስልክ አነሳች። አምቡላንስ መጣ። ሰኔ ሁለት ቀን ነበር።

የወሰዷቸው ከተማ ውስጥ ወዳለ የልጆች ሆስፒታል ነው። በሩ ላይ ዘበኛው ግንባራቸውን በመለኪያ ለካ፤ እጃቸው ላይ ሳኒታይዘር ረጨ፤ ከዚያ በጣቱ «አንድ» ብሎ አሳየው። አንድ ልጅ፣ አንድ አስታማሚ። አስታማሚ አይቀያየርም፤ የወጣ አይመለስም። ሽጉጤ የሚቀያየረው ሰውም አልነበረውም። የለበሰውን ጃኬት ብቻ ይዞ ገባ።

የኩላሊት ክፍሉ አሥራ ሁለት አልጋ ነበረው። ከሱ በቀር አስታማሚዎቹ በሙሉ እናቶች ናቸው። ለእናቶች ማደሪያ የሚሆን አንድ ክፍል አለ፤ ወንድ አይገባበትም። ሽጉጤ ከፀሎት አልጋ አጠገብ ባለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ከረመ። ሁሉም ሰው ማስክ ስላደረገ የማንም ፊት አይነበብም። እናቶቹ ሰብሰብ ብለው ሹራብ እየሠሩ ያወራሉ፤ እሱ ሲያልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አልነበረም፤ ምን እንደሚሉት ግራ ገብቷቸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከልጁ በቀር በቀን ከአሥር ቃል በላይ ያወራው ሰው አልነበረም።

ፀሎት ግን በሁለት ቀን ውስጥ የክፍሉ ሰው ሆነች። ነርሶቹን በዙሉ ታስቃቸዋለች፤ ሐኪሞቹን በእንግሊዝኛ ትጠይቃቸዋለች። ሽጉጤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ልጁ እሱ በማይገባው ቋንቋ ስለራሷ ሕመም ስትነጋገር ያያል። ሲሄዱ ይጠይቃታል።

«ምን አሉሽ?»

«ኪድኒዬ ደከመ አሉ» ትላለች ጀርባዋን እየነካች።

ጀርባዋን የፍራሹ ጥንካሬ ያሳመማት መሰለው። ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባዋን ሲያሽ ሰነበተ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተር ራዚያ የምትባለው የክፍሉ ሐኪም መጣች፤ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ሴት ናት። ፀሎት ልትተረጉም አፏን ስትከፍት ዶክተሯ እጇን አንስታ አስቆመቻት። ሽጉጤን ወደ ኮሪደሩ ይዛው ወጥታ ስልክ ደወለች፤ ድምፁንም ከፍ አደረገችው። በጎ ፈቃደኛ አስተርጓሚ ተገኝታ ነበር፤ ጆሃንስበርግ የተወለደች የሐበሻ ልጅ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ሽጉጤ፤ ሀሌሉያ እባላለሁ። ፋርማሲ ነው የምማረው። ዶክተሯ ያለችውን ብቻ ነው የምነግርዎት፣ ኦኬ?»

«እሺ እህቴ።»

ዶክተሯ ብዙ ተናገረች። 

«ጋሼ... የፀሎት ኩላሊት ሥራ አቁሟል ነው የምትለው። ሁለቱም።»

«ኩላሊት?»

«አዎ፤ ኪድኒ።»

ሽጉጤ ሁለት ቀን ሲያሸው የነበረው ጀርባዋ ትዝ አለው። ሀሌሉያ ቀጠለች። አማርኛዋ ሲያጥራት ትቆማለች፤ «እርስዎ» ብላ ጀምራ «አንተ» ላይ ትወድቃለች፤ ይቅርታ ትጠይቃለች። ጉሮሮዋን ያመማት ኢንፌክሽን ሰውነቷ ራሱን እንዲመታ እንዳደረገው ነገረችው። ከኩላሊቷ በመርፌ ናሙና እንደሚወስዱ፣ ከባድ መድኃኒት እንደሚጀምሩላት፣ ኩላሊቷ እስኪመለስ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ቱቦ ገብቶ ደሟ በሆዷ በኩል እንደሚታጠብ ነገረችው።

«ይመለሳል?» አለ።

ዶክተሯ ለዚህ አጭር መልስ ነው የሰጠችው። ሀሌሉያ ሳትተረጉመው በፊት ገባው።

«አታውቅም ጋሼ። ተስፋ አለ፤ ግን አታውቅም።»

ሲመለስ ፀሎት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። «ባባ፣ ቱቦውን ነገሩህ?» አለችው። ሁለት ቀን ሙሉ እሷ ታውቅ ነበር።

ዱራሜ ያለችው መሰረት ልትወልድ ሳምንታት ቀርተዋታል። እናቷ ገና አልዳኑም፤ ሐኪም ዘንድ የሚያመላልሳት ሰው የለም። ሽጉጤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ካለ መስኮት ሥር ቆሞ ደወለላት። ደህና ነን አላት። ፀሎትስ? ከጎጎ ጋር እየተጫወተች ነው አላት፤ ጎጎ የግቢው ባለቤት አሮጊቷ ናቸው። በሚቀጥለው ቀን ተኝታለች አላት። በሌላው ቀን ኔትዎርክ የለም። ስልኩ ውስጥ የነበሩትን የድሮ ፎቶዎች አንድ በአንድ እየመረጠ ላከላት። ስትወልድ እነግራታለሁ ብሎ ነበር ለራሱ። ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን ወንድ ልጅ ወለደች፤ ዮአብ አሉት። ሽጉጤ እዚያው መስኮት ሥር ቆሞ እልል አለ፤ ቀስ ብሎ ነው እልል ያለው። ከዚያ ደግሞ አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል አለ። እንዲህ እያለ ሳምንታት ነጎዱ።

በነዚህ ቀናት ከእናቶቹ ጋር የተላመደበት ምክንያት የፀሎት ፀጉር ነው። እናቷ ሠርታላት የሄደችው ሹሩባ ተፈትቶ፣ ተያይዞ፣ የማበጠሪያ ጥርስ የሚሰብር ጓል ሆኗል። አንድ ቀን ማበጠሪያውን ይዞ ወደ እናቶቹ ሄደ። እርዱኝ የሚለውን በዙሉ አያውቅም። የሚያውቀውን ወረወረ፤ «ማሊኒ?» አላቸው። ስንት ነው?

እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩና በሳቅ ፈነዱ። እሱም ምን እንዳለ ሲገባው ሳቀ። አንዷ ወፍራም እናት ማበጠሪያውን ነጥቃው ሄዳ ፀሎትን ጉልበቷ መሀል አስቀመጠቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባባ ካ ፀሎት» ይሉት ጀመር፤ የፀሎት አባት ማለት ነው። ሻይ ሲያፈሉ ያስቀሩለታል። ማታ ግን እነሱ ወደ ማደሪያቸው፣ እሱ ወደ ወንበሩ ነው።

ሐምሌ ላይ ሆስፒታሉ በኮሮና ተጨናነቀ። ዶክተር ራዚያ ልጅቷ እዚህ ከምትቆይ እቤቷ ብትታጠብ ይሻላል አለች። ቤት የሚያጥባት ግን እሱ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ፣ በገዛ እጁ። የምታስተምረው ሲስተር ንቶምቢ የምትባል ነርስ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል፤ ስትቆጣ ድምፅዋ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በሩንና መስኮቱን መዝጋት። ማስክ ማድረግ። እጅን እስከ ክርን መታጠብ። ሆዷ ውስጥ የቆየውን ውሃ በቱቦው ወደ ባዶው ከረጢት ማውጣት፤ አዲሱን ውሃ ማስገባት፤ መቆለፍ። ጭንቁ ቱቦው ተከፍቶ እስኪገጠም ባለችው ትንሽ ጊዜ ውስጥ ነው። ያኔ ጣት አንድ ነገር ከነካ ሆዷ ይመረዛል። የወጣው ውሃ ከደፈረሰ ደግሞ ያለ ምንም ጥያቄ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ሲስተር ንቶምቢ ዝም ብላ እያየችው ስድስት ጊዜ ያለ ስህተት መሥራት ነበረበት። መጀመሪያ ላይ የወደቀው በአፍንጫው ነው፤ በታጠበ እጁ ማስኩን አፍንጫው ላይ አስተካከለ።

«ባባ፣ ፉቲ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እንደገና ማለት ነው።

ወድቆ ተነሳ። እጁ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጠቀ። ለወትሮው ሰው ፊት ሲሠራ የማያፍር ሰው፣ ልጁ «ኖ ባባ፣ አልታጠብክም» ስትለው ላብ ያጠምቀው ነበር።

አምስተኛውን ፈተና አልፎ ስድስተኛውን ሊፈተን የማሠልጠኛ ክፍል ሲገባ ስልኩን ፀሎት አልጋ ላይ ተወው። ሐምሌ አሥራ ሰባት ነበር። አለፈ። ሲስተር ንቶምቢ በክርኗ ክርኑን ነካ አድርጋ እንኳን ደስ ያለህ አለችው። ለልጁ ሊነግራት እየተቻኮለ ሲመለስ ፀሎት ስልኩን ፊቷ ላይ ደቅና ይዛለች።

«ይኸው እማ፣ ቱቦዬ ይሄ ነው። አያምም» ትላለች። ፒጃማዋን ገልጣ ታሳያለች።

ሽጉጤ ወደ አልጋው ሄደ። ስልኩን ከእጇ ሲቀበል መሰረት ሕፃኑን ታቅፋ፣ ነጠላዋን ግማሽ ጭንቅላቷ ላይ ጥላ ታየችው፤ አታለቅስም።

«ስንት ቀን ሆናት?»

«አርባ አምስት።»

«አርባ አምስት ቀን ሙሉ ተኝታለች ስትለኝ ነበር።»

«መሲ፣ አራስ ሆነሽ...»

«እኔ የማን እናት ነኝ ሽጉጤ?» አለችውና ስልኩ ተዘጋ።

ዘጠኝ ቀን አላናገረችውም። በየቀኑ ትደውላለች፤ ለፀሎት ነው የምትደውለው። ፀሎት ክንዷ ስለሚደክም ስልኩን የሚይዝላት እሱ ነው። የእናትና የልጅን ወሬ እየሰማ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ክንዱን ዘርግቶ ይቆማል። ለመሰረት የሚታያት ምናልባት አውራ ጣቱ ብቻ ነው። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ ቢላት ደስ ባለው። ግን መሀላቸው ያለችውን ልጅ አልፎ የሚነገር ነገር አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሲስተር ንቶምቢ ቤቱን በስልክ ልታይ አለች። አቢሶ ስልኩን ይዞ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ዞረ። የዱቄት ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ግድግዳው ሻግቷል። ሲስተር ንቶምቢ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አቢሶ ኮዝሞ ሲቲ ከሚባለው ሰፈር ጓደኞቹን ጠርቶ ዕቃውን በሙሉ አወጣ፤ ግድግዳውን ፍቆ ነጭ ቀለም ቀባ። ጎጎ ደግሞ ኮሮና ፈርተው ሰው ወደ ቤታቸው ባያስጠጉም የውሃ መስመር በግድግዳቸው ቀዳዳ አልፎ ወደ ክፍሉ እንዲገባ ፈቀዱ። ሁለተኛው ጉብኝት ላይ ሲስተር ንቶምቢ «ሻርፕ» አለች፤ በቃ ጥሩ ነው ማለቷ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ሽጉጤ ስልኩን እንደ ልማዱ ዘርግቶ ይዞ ሳለ መሰረት «አባትሽን አቅርቢልኝ» አለች። ዞረ።

«ውሃው ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው?» አለችው።

«አራት ሰዓት።»

«ሲገባ ይበርዳታል?»

«አይ፤ ሞቅ አድርጌ ነው የማስገባው።»

«እንዴት ነው የምታሞቀው?»

ሁሉንም ነገራት። ቱቦው አጠገብ ቢላ እንደማይቀርብ፣ ሲያጥቡ አንድ ሰው ብቻ እንደሚገባ፣ ከረጢቱ በምን እንደሚሰቀል፣ የደፈረሰ ውሃ ምን እንደሚመስል፣ በተራ በተራ። አንድ ሰዓት ያህል አወሩ። ስለ አርባ አምስቱ ቀናት አላነሱም።

ነሐሴ ላይ ወደ ቤት ተመለሱ። ሱቁን አቢሶ ያዘ። ሽጉጤ ቀኑን በአራት ከፍሎ በነጯ ክፍል ውስጥ ኖረ። ከሆስፒታል ስለመጡ ማንም አይጠጋቸውም፤ የግቢው ልጆች እንኳ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ነው ፀሎትን የሚጠሯት። በሩ ተዘግቶ ውሃው ሲወርድ አባትና ልጅ አይነጋገሩም፤ ማስክ አድርጎ መናገር ራሱ ያስፈራዋል። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት የወጣው ውሃ ደፈረሰ። ከረጢቱን ይዞ፣ ልጁን አዝሎ ሮጠ። ቶሎ ስለደረሱ በመድኃኒት ተረፈች። ሲስተር ንቶምቢ ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንስታ አይታ «ዓይንህ ጥሩ ነው» አለችው። ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ ግን ሳምንት ሙሉ ራሱን መረመረ። አላገኘውም።

በረራ ተከፍቶ መሰረት ዮአብን ይዛ የመጣችው ኅዳር ላይ ነው። አየር ማረፊያ ተቃቀፉ፤ ተለያይተው ከቆዩት ሰው ጋር እንደሚተቃቀፉት ጥንቃቄ ነበረበት። ከሆስፒታሉ ሠልጥና እጥበቱን ተረከበች። በመጀመሪያው ቀን ሽጉጤ አጠገቧ ቆሞ «ክርንሽን፣ ክርንሽን» ሲላት ማስኩን እንዳደረገች ዞራ አየችው።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው ብለኸኝ የለ?»

ወጣ። በሩ ተዘጋ። ወደ ሱቁ ሄዶ ፍርግርጉ ጀርባ ቆመ። አንዲት ደንበኛ ዳቦ ጠይቃው ወተት ሰጣት። በወራት ውስጥ ፀሎት ያለ እሱ የታጠበችበት የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ጆሮው እዚያ በር ላይ ቀርቶ ነበር።

ያን ሰሞን አንድ ምሳ ላይ መሰረት እንጀራውን እየቆረሰች፣ ቀና ሳትል፣ «ብትነግረኝ ምን አደርግ ነበር? መምጣት አልችል። እዚያ ሆኜ አብጄ ነበር የምሞተው» አለች። ጉርሻዋን አኘከች። «ግን ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አላት።

በታኅሣሥ የፀሎት ሽንት ጨመረ። በጥር እጥበቱ በቀን ወደ ሁለት ወረደ። ዶክተር ራዚያ በሀሌሉያ በኩል ኩላሊቷ ግማሽ ያህሉ ተመልሷል አለች፤ ክኒንና ክትትል እስከ ዕድሜ ልክ፣ ቱቦው ግን ይውጣ። የካቲት ላይ ቀጠሮ ተያዘ። ደንቡ አሁንም ያው ነው፤ አንድ አስታማሚ።

«አንተ ግባ፤ ካንተ ጋር ነው የለመደችው» አለች መሰረት።

«አንቺ ግቢ» አላት ሽጉጤ።

ፀሎት ከበሩ ወዲያ ሆና እጇን አውለበለበችለት፤ ወዲያው ደግሞ ለዘበኛው በዙሉ አንድ ነገር ነግራው አሳቀችው። በሩ ተዘጋ። ሽጉጤ ስምንት ወር የሆነውን ዮአብን ታቅፎ ውጭ ቀረ። ሕፃኑ ሦስት ወር አብሮት ኖሮም እናቱ ስትርቅ አባቱን እንደ ባዳ ነው የሚያየው። አለቀሰ። ሽጉጤ በአጥሩ ርዝመት ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፤ በአማርኛ አባበለው፣ በሀዲይኛ አባበለው፣ አልሰማውም። የጠርሙሱን ወተት ገፋበት። ፀሐዩ ከረረ። ዘበኛው መንገድ አትዝጋ ብሎ ከበሩ አራቀው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ወጥቷል» አለች መሰረት። «ደህና ናት፤ ተኝታለች። ቁስሏ ትንሽ ነው፤ እንዲህች ናት።»

«እውነት ተኝታለች?»

መሰረት ሳቀች። «እውነት ተኝታለች። ቆይ ላሳይህ።»

ስልኩ ላይ የፀሎት ፊት መጣ፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ሽጉጤ ስልኩን ወደ ሕፃኑ አዞረለት። ዮአብ ማልቀሱን ለአፍታ አቁሞ የእህቱን ፊት አየ፤ ከዚያ እንደገና ጀመረው። ሽጉጤ ወደ ደረቱ አስጠግቶት መመላለሱን ቀጠለ። እስኪወጡ ገና ብዙ ሰዓት ነበር።